«ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» ለሚሉን

ሰሞኑን የማከብራቸው አንድ ጋሼ የኢራቅ ጦርነት ወሬ ሲነሳ አፋቸውን ሞልተው «ሰውዬው እኮ የጦርነት ጊዜ ፕሬዝዳንት ነበር። ያኔ ማን ያውቅ ነበር? ሁሉም ነው የተሳሳተው!» አሉ። ሰውዬው የተባለው ትንሹ ቡሽ ነው። ከተቀመጥነው ውስጥ ግማሹ ራሱን ነቀነቀ፣ ግማሹ ዝም አለ። እኔ ተናደድኩ፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደም። ጋሼ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ንግግሩም ከራሳቸው የመነጨ አይደለም፤ ዋሽንግተን ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሲደጋገም ኖሮ በእኛም ቤት እንደ እውነት የተቀመጠ ማምለጫ ነው። ቡሽ ዛሬ አርጅቷል፣ የቀድሞ ወታደሮችን መልክ በቀለም ይስላል፣ በሴናተር ማኬይን ቀብር ላይ ለሚሼል ኦባማ ከረሜላ ሲያቀብል ያየው ሰው ወድዶታል። ከእሱ በኋላ የመጡትን እያየ «እሱ ይሻል ነበር» የሚለውም በዝቷል። ይሻል አይሻል ሌላ ጨዋታ ነው። እኔ የምሟገተው «ማን ያውቅ ነበር» በሚለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ምክንያቱም ውሸት ነው።

ሁሉም ከተሳሳተ ማንም አይጠየቅም። የአነጋገሩ ጥቅም ይኸው ነው። ሰው መክሮና ዘክሮ፣ ቀን ቆርጦ፣ ድምፅ ቆጥሮ የጀመረው ጦርነት እንደ ጎርፍ ከሰማይ የወረደ መዓት ይሆንና አጥፊው ከተጎጂው ጋር አብሮ ያዝናል።

እስኪ ወደ ማርች 7 ቀን 2003 እንመለስ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጦርነቱ ሊጀመር 2 ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ኒውዮርክ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ሁለት ሰዎች ሪፖርት አቀረቡ፤ የተባበሩት መንግሥታት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ መርማሪዎች አለቃ ስዊድናዊው ሃንስ ብሊክስና የቪየናው ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ አለቃ ግብጻዊው መሐመድ ኤልባራዳይ። የሁለቱም መርማሪዎች ከኖቬምበር 2002 መጨረሻ ጀምሮ ኢራቅ ውስጥ ፋብሪካ እያስከፈቱ፣ መጋዘን እየፈተሹ፣ የአፈርና የውሃ ናሙና እየወሰዱ ነበር። ብሊክስ ምን አለ? ከመሬት በታች ተደብቀዋል የተባሉትን የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ ማምረቻዎች እስካሁን አላገኘንም፤ በመኪና ላይ እየተዘዋወሩ ይመረትባቸዋል ስለተባሉት ቤተ ሙከራዎችም ማስረጃ አላየንም አለ። በአንጻሩ ከተፈቀደው 150 ኪሎ ሜትር አልፈው ይወነጨፋሉ የተባሉት አል ሳሙድ 2 ሚሳይሎች በመርማሪዎቹ ዓይን ፊት እየተጨፈለቁ ነበር፤ እስከዚያ ቀን 34ቱ ወድመዋል። እየተሰበረ ያለው ስቴኪኒ አይደለም፣ ገዳይ መሣሪያ ነው ብሎ ለምክር ቤቱ አስረዳ። ሥራውን ለመጨረስም ዓመታት ሳይሆን ወራት እንደሚበቁት ተናገረ። ወራት!

ኤልባራዳይ ደግሞ ኢራቅ የኒውክሌር መሣሪያ ፕሮግራሟን እንደገና ስለመጀመሯ ምንም ማስረጃ እንዳልተገኘ ገለጸ። ከዚያም ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የተባለበት ሰነድ ትክክለኛ አለመሆኑን ለዓለም ተናገረ። ይህን ሰነድ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በ2000 ተጻፈ የተባለው አንዱ ደብዳቤ የኒጀር ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፊርማ አለበት፤ ፈራሚው የተባለው ሰው ግን ያንን ሥልጣን ከለቀቀ 10 ዓመት አልፎታል። የኤልባራዳይ ባለሙያዎች ይህን የደረሱበት በኢንተርኔት ላይ ፈልገው ነው። ቡሽ ግን ጃንዋሪ 28 ቀን በኮንግረሱ ፊት ቆሞ ኢራቅ ከአፍሪካ ዩራኒየም ስትፈልግ ነበር ብሎ ለሕዝቡ ነግሯል። የዓለም ትልቁ መንግሥት ከነስለላ ድርጅቶቹ ማወቅ ያልቻለውን ቪየና የተቀመጡ ጥቂት ባለሙያዎች አወቁት የሚለውን ጋሼ ያምናሉ? እኔ አላምንም። ማወቅ ያልፈለገ ሰው አላወቀም አይባልም።

ማርች 17 ማታ ቡሽ በቴሌቪዥን ቀርቦ ለኢራቁ መሪ ለሳዳም ሁሴንና ለልጆቹ አገር ለቀው እንዲወጡ 48 ሰዓት ሰጠ። በማግስቱ መርማሪዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ከባግዳድ ወጡ። ፍለጋው የተቋረጠው መሣሪያ ተገኝቶ አይደለም። በተፈለገ ቁጥር እየታጣ ስለመጣ ነው። መልሱ እየመጣ ነበር፤ መልሱ ሳይመጣ መቅደም ነበረባቸው።

የአሉሚኒየም ቱቦዎቹም ታሪክ ያው ነው። ኢራቅ ልታስገባቸው የነበሩት ቱቦዎች ዲያሜትራቸው 81 ሚሊ ሜትር ነበር። የቡሽ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ኮንዶሊዛ ራይስ በሴፕቴምበር 2002 ለሌላ ለምንም አይሆኑም፣ ለኒውክሌር ፕሮግራም ብቻ ናቸው አለች። በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ ዩራኒየም ማበልጸግን ከማንም በላይ የሚያውቁት የኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ግን ቱቦዎቹ ለዚያ ሥራ እንደማይመቹ፣ ይልቁንም ኢራቅ ለዓመታት ስትሠራቸው ከነበሩት የ81 ሚሊ ሜትር ሮኬቶች ጋር ልክ በልክ እንደሚገጥሙ ተናግረው ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የራሱ የመረጃ ክፍልም ተቃውሞውን በጽሑፍ አስመዝግቧል። የዚያ ሚኒስቴር አለቃ ኮሊን ፓወል ነበር። ፌብሯሪ 5 ቀን 2003 በተባበሩት መንግሥታት ፊት ትንሽ ብልቃጥ ከፍ አድርጎ ሲያስፈራራ፣ በቱቦዎቹ ላይ የሐሳብ ልዩነት መኖሩን ነካ አድርጎ አለፈና ወደ ክሱ ገባ። ስለ ተንቀሳቃሽ ቤተ ሙከራዎቹ የተናገረው በዋናነት ጀርመን ውስጥ ከነበረ አንድ ኢራቃዊ ስደተኛ የመጣ ወሬ ነበር፤ ሰውዬው በ2011 ታሪኩን ፈጥሬ ነው ብሎ በአደባባይ አመነ። ፓወልም ያ ንግግር በስሙ ላይ የቀረ ጠባሳ መሆኑን በኋላ ተናግሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገራችን ሰው።

እዚህ ላይ «ሳዳምስ?» የሚል ይመጣል። ሳዳም ሐላብጃ ላይ በ1988 ኩርዶችን በመርዝ ጋዝ የፈጀ አረመኔ ነበር። ያንን ሲያደርግ ዋሽንግተን ከጎኑ ነበረች። ለአሜሪካ ሕዝብ የተነገረው የጦርነቱ ምክንያትም ያ አልነበረም፤ የሴፕቴምበር 11 ቁስል ገና ሳይደርቅ የተነገረው ነገ ስለሚደርስብን ጥፋት ነበር። አውሮፕላን ከጠለፉት 19 ሰዎች መካከል አንድም ኢራቃዊ አልነበረም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ኮንግረሱስ? እሱም ተሳስቶ ነበር ይሉናል። በኦክቶበር 2002 የስለላ ድርጅቶቹ ስለ ኢራቅ መሣሪያ 92 ገጽ ሪፖርት ለኮንግረሱ አቀረቡ። በጥበቃ ሥር ባለ ክፍል ተቀመጠ፤ ገብቶ ማንበብ ለሚፈልግ አባል ክፍት ነበር። የተቃወሙት ክፍሎች ሐሳብ፣ የቱቦው ክርክር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ሰፍሯል። ከአጭሩ ማጠቃለያ አልፈው ያነበቡት ሴናተሮች ከ6 እንደማይበልጡ ዋሽንግተን ፖስት ዘግቧል። የሴኔቱ የመረጃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ቦብ ግርሃም አነበበ፤ አንብቦም ተቃወመ። በሴኔቱ 77 ለ23፣ በተወካዮች ምክር ቤት 296 ለ133 ጦርነቱ ተፈቀደ። 23 እና 133 ሰዎች «አይሆንም» ብለዋል እኮ! ጋሼ «ሁሉም» ሲሉ እነዚህን 156 ሰዎች የት ጣሏቸው? በፌብሯሪ 15 ቀን 2003 በለንደን፣ በሮም፣ በማድሪድ፣ በኒውዮርክ አደባባይ የወጡትን ሚሊዮኖችስ? ያነበበውና የጮኸው ሰው ከቁጥር ወጥቶ፣ ያላነበበው ብቻ «ሁሉም» ተባለ።

«የጦርነት ጊዜ ፕሬዝዳንት» የምትለዋም ነገር አለች። ቡሽ ራሱ በፌብሯሪ 2004 በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ የጦርነት ፕሬዝዳንት ነኝ ብሏል። ለአፍጋኒስታኑ ይሁንለት። የኢራቁን ጦርነት ግን ማንም አላመጣበትም፤ የከፈተው እሱ ነው። ራስ ጦርነት ከፍቶ፣ «ጦርነት ላይ ነኝና አትጠይቁኝ» ማለት ምን የሚሉት ሙግት ነው?

ደግሞ ለዚህ ሙግት ሊንከንን የሚጠሩ አሉ፤ ለሊንከን ነፍስ አዝናለሁ። አብርሃም ሊንከን ገና አዲስ የኮንግረስ አባል ሳለ በዲሴምበር 1847፣ አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር እየተዋጋች ሳለች፣ ፕሬዝዳንት ፖልክን በጽሑፍ አፋጦታል። ፖልክ ለጦርነቱ ያቀረበው ምክንያት የአሜሪካውያን ደም በራሳቸው መሬት ላይ ፈሰሰ የሚል ነበር። ሊንከን የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ደም የፈሰሰበትን ቦታ አሳየን፣ መሬቱ በእርግጥ የእኛ ነበር ወይ? በጃንዋሪ 1848 ምክር ቤቱ ጦርነቱን ፕሬዝዳንቱ ያለ አስፈላጊነትና ሕገ መንግሥቱን ጥሶ ጀመረው ብሎ 85 ለ81 ሲወስን ሊንከን ከ85ቱ ጋር ነበር። ወታደሩ ገና ከሜክሲኮ አልተመለሰም። ራሱ ፕሬዝዳንት በሆነ ጊዜም፣ አገሪቱ ለሁለት ተሰንጥቃ በምትዋጋበት በ1864 ምርጫ አካሂዷል፤ ተቀናቃኙም የገዛ ጦሩን ይመራ የነበረው ጄኔራል ማክሌላን ነበር። የጦርነት ጊዜ መሪ አይተችም የሚል ሰው ሊንከንን ምስክር አድርጎ ሊጠራ አይችልም።

የእኛም ስም እዚህ ታሪክ ውስጥ ስላለ ዝም ብዬ አላልፍም። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል አሜሪካ «ሁሉም ከእኛ ጋር ነው» ለማለት የፈቃደኞች ኅብረት ብላ የአገሮች ስም ዝርዝር አወጣች። ኤርትራ፣ ቀጥሎ ኢስቶኒያ፣ ቀጥሎ ኢትዮጵያ። ያልቀበሩትን ሬሳ ባድመ ላይ ትተው ጠመንጃ ካወረዱ 3 ዓመት ያልሞላቸው ሁለት መንግሥታት፣ እርስ በርስ ሰላም እንኳ ሳይባባሉ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ለሌላ ጦርነት ተሰለፉ። ወታደር አልላክንም፤ ስማችን ግን ተላከ። ያ «ሁሉም» የተሠራው እንዲህ ነው፤ መንግሥታትን ከሥር ከሥር እየጻፉ። የመርካቶ ነጋዴ፣ የአርሲ ገበሬ፣ ባግዳድን በቦምብ መደብደብ ትደግፋለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ተነስቶ «ሁሉም ተሳስቶ ነበር» ሲል ያልበላውን ዕዳ በራሱ ላይ ይጽፋል።

ዋጋውን ማን ከፈለ? ከ4,400 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች አልቀዋል፤ ሞታቸው በሰነድ የተመዘገበ ኢራቃውያን ሰላማዊ ሰዎች ብቻ ከ100,000 ይበልጣሉ። በዚያ የአሜሪካ ጦር ውስጥ የእኛም ልጆች እንዳሉበት በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ወላጆች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የምድር ጦር ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሺንሴኪ ከወረራው በፊት ኢራቅን ለማረጋጋት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ያስፈልጋል ብሎ ለሴኔት እውነቱን ተናገረ። ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ዎልፎዊትዝ ግምቱን ከእውነት እጅግ የራቀ ነው ብሎ አጣጣለው። ሺንሴኪ በጁን 2003 ጡረታ ሲወጣ ሚኒስትሩ ራምስፌልድ ሽኝቱ ላይ አልተገኘም። መሣሪያው አለ ያለው የቀድሞው የሲአይኤ አለቃ ጆርጅ ቴኔት ግን በዲሴምበር 2004 የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ኒሻን ከቡሽ እጅ ተቀበለ። መሣሪያው እንደሌለ የአሜሪካ የራሷ ፈላጊ ቡድን በሪፖርቱ ካረጋገጠ 2 ወር አልፎ ነበር።

በሜይ 2022 ቡሽ ዳላስ ውስጥ ሲናገር ስለ ዩክሬን ሊል ፈልጎ ምላሱ ዞረና ፍጹም ያልተገባና ጭካኔ የተሞላበት የኢራቅ ወረራ አለ። ወዲያው አረመና «ኢራቅም ቢሆን» ብሎ በለሆሳስ ጨመረበት። ዕድሜውን ጠቅሶም አሳበበ። አዳራሹ ሳቀ። ይህ ሳቅ የሚመጣው ነገሩ ተዘግቷል፣ ያኔ ማንም አያውቅም ነበር ብሎ ካመነ ሰው ነው። ሞሱልና ፋሉጃ ውስጥ ልጁን የቀበረ ሰው ያንን ሲሰማ አይስቅም።

በአሜሪካ ዜግነት ወስዳችሁ ድምፅ የምትሰጡ ወገኖች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሚቀጥለው ፕሬዝዳንት ተነስቶ ጦርነት አይቀሬ ነው ሲላችሁ፣ ፓርቲው የፈለገው ይሁን፣ ለወኪላችሁ ቢሮ ስልክ ደውሉ። «ሪፖርቱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አላነበብኩም ካሉ ድምፃችሁን እንደማትሰጧቸው በግልጽ ንገሯቸው፤ የምርጫው ቀን ሲደርስም አትስጧቸው።