ባቡሩ እስከሚያደርስ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በመኪና

ሰው ራሱ ያልረገጠውን አገር መንገድ ለሌላው ሊያሳይ ሲነሣ ማየት ያስቃል። ይሁን እንጂ የዚህ ሳምንት ዓምዳችን የሚያወራው ስለ ጃፓን ገጠር ነው፤ ጸሐፊውም ጃፓንን የሚያውቃት በካርታ፣ በባቡር የሰዓት ሰሌዳና ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ባደረገው ምርመራ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ፣ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጠኝ ጋሼ የምለው፣ በመጪው ክረምት ጃፓንን አብረን እንድናይ አሰበ። «ገንዘቡ ከእኔ፣ ዕቅዱ ከአንተ» አለኝ። ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከዚህ የተሻለ ውል ከወዴት ይገኛል? ነገር ግን ዕቅዱ የተበላሸ እንደሆነ የሚባክነው የሰው ገንዘብ ነውና፣ የእኔ ድርሻ ቀላል መስሎ የሚታየው ከሩቅ ላለ ሰው ነው።

ለጃፓን ቪዛ የሚያመለክት ሰው ከሚያቀርባቸው ወረቀቶች አንዱ የቆይታ መርሐ ግብር ነው። ይኸውም በየቀኑ ወዴት እንደሚሄድና የት እንደሚያድር በየመስመሩ የሚሞላበት ሠንጠረዥ ነው። እኔም እንደ ፈተና ወረቀት ባዶ ቦታ እንዳይቀርበት ብዬ፣ በዐሥር ቀን ውስጥ ዘጠኝ ከተማ ጻፍሁበት። ቶክዮ፣ ኒኮ፣ ካናዛዋ፣ ኪዮቶ፣ ናራ፣ ሂሮሺማ እያልሁ በስልክ ሳነብለት ጋሼ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ይኼ ዕረፍት ነው ወይስ ፖስታ ማደል?» አለኝ። ወረቀቱን ቀደድሁት።

ሁለተኛውን ዕቅድ የጀመርሁት ከፈጣኑ ባቡር ሳይሆን ከዘገምተኛው ነው። ከጃፓን አራት ታላላቅ ደሴቶች በስፋት የመጨረሻይቱን፣ ሺኮኩን መረጥሁ። ሺንካንሰን የተባለው ፈጣን ባቡር ከአራቱ ያልገባው በእርስዋ ብቻ ነው። ተራራዋ ጠባብ ሸለቆ የበዛበት ስለሆነ ባቡር ብቻውን አይበቃም፤ መኪና ብቻውን ደግሞ የሰውን ወገብ ይጨርሳል። ሁለቱን አጋጥሞ መጓዝ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው አገር ነው።

በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ማን ይነዳል? ጃፓን ከጎብኚዎች የምትቀበለው ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ በ1949 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጃፓንና የውጭ አገር ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በጄኔቫ በተፈረመው የመንገድ ስምምነት መሠረት የተሰጠውን ነው። በ1968 በቪዬና በተፈረመው ስምምነት የተሰጠው አያገለግልም። ኢትዮጵያ ከጄኔቫው ስምምነት አገሮች መካከል ስለሌለች፣ የእኛን መንጃ ፈቃድ ብቻ የያዘ ጎብኚ ከተሳፋሪነት አያልፍም። አሜሪካ ግን ስላለችበት ጋሼ ከመነሣቱ በፊት ፈቃዱን ከአገሩ የአውቶሞቢል ማኅበር ያወጣል፤ ዋናውን መንጃ ፈቃድም አብሮ ይይዛል። በጀርመን፣ በፈረንሳይና በስዊስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የያዙትን የነዚያን አገሮች ፈቃድ ሥልጣን ባለው ክፍል በጃፓንኛ አስተርጕመው ይነዱበታል። ይህን ሳያጣራ መኪና የተከራየ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ቁልፉን ሊቀበል እጁን በዘረጋበት ሰዓት ነው።

ወራቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። መምህር የሚያርፈው በክረምት ነው። የጃፓንም የዝናብ ወራት ከሰኔ መግቢያ አንሥቶ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ገደማ ይዘልቃል። ከነሐሴ 7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ ሙታን የሚታሰቡበት ኦቦን የሚባለው በዓል ስለሚውል፣ አገሩ ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ይጎርፋል፤ ባቡሩም ማደሪያውም ይሞላል። ነሐሴና መስከረም ደግሞ ብርቱው ማዕበል የሚበዛባቸው ናቸው። ስለዚህ ከሐምሌ 16 እስከ 25 ያሉትን ቀኖች ያዝሁ። ሙቀቱ ያስጨንቃል፤ ነገር ግን ፍልሰታ ሳይገባ እንመለሳለን። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጃፓን አትክልት ብቻ የሚመስል ሾርባ እንኳ ብዙውን ጊዜ በደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንዴት እንደምንሆን ገና አልተስማማንም።

መጀመሪያ የባቡሩን ነገር ልጨርስ። ከቶክዮ እስከ ኦካያማ በፈጣኑ ባቡር ከሦስት ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ዋጋውም ለአንድ ሰው ወደ 17,000 የን ገደማ ነው። ብዙ ሰው ጃፓን ሲባል ቶሎ የሚያስበው በአገሪቱ ሁሉ የሚያስኬደውን የጎብኚዎች ልዩ ቲኬት ነው። የሰባት ቀኑ ዋጋ እስከ መስከረም 2023 ድረስ 29,650 የን ነበረ፤ በጥቅምት 2023 ግን 50,000 የን ገባ። ደግሞም ሰባቱ ቀን የሚቈጠረው ሳይቋረጥ ነው፤ እኛ መኪና ውስጥ ስንሆንም ቀኑ ይቈጠርብናል። ወደ ቶክዮ የምንመለሰው በስምንተኛው ቀን ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የመመለሻ ቲኬት መግዛት ሊኖርብን ነው። እርሳስ ይዤ ሳሰላው በየመንገዱ ቲኬት መግዛቱ ረከሰ። ሌላው ሰው ግን መንገዱ የተለየ ነውና ለራሱ ያስላ።

ሻንጣም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ከ2020 ጀምሮ ቁመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ሻንጣ በዚህ መስመር ላይ አስቀድሞ ቦታ ሊያዝለት ግድ ነው። የአገሩ ሰው ታዲያ ትልቁን ሻንጣ በዕቃ አድራሾች በኩል ወደሚያርፍበት ሆቴል ይልከውና እርሱ አንዲት ቦርሳ ይዞ ይሄዳል። እኛም የእኛን ከቶክዮ በቀጥታ ወደ ማትሱያማ እንልካለን።

ከኦካያማ የሚነሣው ባቡር በ1988 በተከፈተው በታላቁ የሴቶ ድልድይ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በኦቦኬ ገደል በኩል ኮቺ ከተማ ያደርሳል። መኪናውን የምንከራየው በኮቺ ነው፤ የምንመልሰውም እዚያው ነው። በአንዱ ከተማ ተከራይቶ በሌላው መመለስ ተጨማሪ ዋጋ ያስከፍላልና።

መኪናው ከተመለሰ በኋላ ከኩቦካዋ ወደ ኡዋጂማ በሚሄደው የዮዶ መስመር እንሳፈራለን። በቀን የሚመላለሱት ባቡሮች ጥቂቶች ናቸው፤ አንዱ ካመለጠ ግማሽ ቀን አብሮት ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ አንዲት ፉርጎ ብቻ ናት፤ ቲኬት ቈራጭ የላትም። ተሳፋሪው በኋላ በር ይገባና ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይወስዳል። ከፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ ለዚያ ቁጥር ስንት የን እንደ ደረሰ ያሳያል፤ ሲወርድ ከሹፌሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። ስለዚህ ዝርዝር ገንዘብ መያዝ ያሻል። በሺማንቶ ወንዝ ላይ ግድግዳ የሌላቸውን ዝቅተኛ ድልድዮች የምናየው ከዚህ ባቡር መስኮት ነው። ድልድዮቹ እንዲህ የተሠሩት ጎርፍ ሲመጣ ውኃው በላያቸው እንዲያልፍ ነው።

ከማትሱያማ ስንመለስ ሳይጆ በተባለችው ከተማ የአንድ ባቡር ያህል ጊዜ ወርደን እንቆያለን። ይህን የጨመርሁት ለራሴ ነው። የሺንካንሰንን ሥራ የባቡር መሥሪያ ቤቱ አለቃ ሆኖ የገፋው ሶጎ ሺንጂ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ በ1884 የተወለደው በጎረቤቲቱ በኒሃማ ሲሆን በሳይጆም ከንቲባ ሆኖ ነበረ። ወጪው ከተገመተው በላይ ስለሆነ በ1963 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በጥቅምት 1964 ባቡሩ ሲመረቅ እንኳ አልተጠራም። ዛሬ በሳይጆ ጣቢያ አጠገብ ባለው ቤተ መዘክር የመጀመሪያው ዓይነት ሺንካንሰን ቆሞ ይታያል፤ የሚሮድበት ሐዲድ ግን በደሴቲቱ ላይ የለም።

አሁን ወደ መኪናው። በጃፓን የሚነዳው በግራ ነው። በእኛም አገር እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ እንዲሁ ነበረ፤ ጋሼ ግን ይህን በታሪክ እንጂ በእጁ አያውቀውም። መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ የፍሬቻው ዘንግም በቀኝ ነው። እንግዳ ሰው ሊታጠፍ ሲል ፍሬቻ ያበራ መስሎት የዝናብ መጥረጊያውን እንደሚያስነሣ የሄዱት ሁሉ ይመሰክራሉ። የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጡ፣ ባቡር ይምጣም አይምጣም፣ ፈጽሞ መቆም ግዴታ ነው። የመጠጡ ሕግ ደግሞ ብርቱ ነው፤ ጠጥቶ የነዳው ብቻ ሳይሆን እያወቀ አብሮት የተሳፈረውም ይቀጣል። ከጋሼ ጋር በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

የመኪናው ዓይነት የሞተሩ መጠን ከ660 ሲሲ የማያልፈው ኬይ የሚባለው ትንሹ ነው። ጋሼ አሜሪካ የለመደው እንደ ቤት የሰፋ መኪና ስለሆነ በመጀመሪያ ቅር አለው። እኔ ግን የመንገዱን ፎቶግራፍ ላክሁለት። ወደ ኢያ ሸለቆ የሚያስገባው 439 ቁጥር መንገድ በብዙ ቦታ ላይ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ሁለት ሲገናኙ አንዱ ሰፋ ያለ ቦታ እስኪያገኝ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በአንድ ወገን ገደል ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ትልቅ መኪና አላነሣም።

በኢያ ሦስት ሌሊት እናድራለን። ከዱር ሐረግ የተጎነጎነው ድልድይ 45 ሜትር ይረዝማል፤ ከወንዙ በላይ 14 ሜትር ተንጠልጥሏል፤ በየሦስት ዓመቱም በአዲስ ሐረግ ይሠራል። በ1185 በጦርነት የተሸነፉት የሄይኬ ወገኖች ወደዚህ ሸሽተው፣ ጠላት ሲመጣ ቈርጠው ሊጥሉት እንዲህ ሠሩት ይባላል። ዛሬ በውስጡ የብረት ገመድ አለበት፤ ይህን ለጋሼ ነግሬዋለሁ፣ ከፍታ ይፈራልና። በገጠር ማደሪያ ቤቶች እራት የሚቀርበው በጊዜ ስለሆነ ከመምሸቱ በፊት መድረስ ያስፈልጋል። የሸለቆው ሰው የሚመገበው ጥቁር ስንዴ ከሚባለው እህል የተሠራ ሶባና ጠጠር ያለ ቶፉ ነው።

ከሸለቆው በላይ ናጎሮ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ከሠላሳ በታች ሆነዋል። ጽኪሚ አያኖ የተባለች ሴት ከኦሳካ ወደ መንደሯ ተመልሳ፣ ወፍ ዘሯን ቢበላባት አባቷን የሚመስል ማስፈራሪያ ሠራች። ከዚያም የሞቱትንና የሄዱትን ጎረቤቶቿን እያሰበች በጨርቅና በገለባ ትሠራቸው ጀመረች። ዛሬ አሻንጉሊቶቹ ከሰዎቹ እጅግ ይበዛሉ፤ በአውቶቡስ ማቆሚያ የተቀመጡ፣ በእርሻ ያጎነበሱ አሉ። የመንደሩ ትምህርት ቤት በ2012 የመጨረሻዎቹ ሁለት ተማሪዎች ሲጨርሱ ተዘጋ። በክፍሉ ውስጥ አሁን ዴስኮቹ ላይ የተቀመጡት አሻንጉሊቶች ናቸው፤ መምህሩም ከሰሌዳው ፊት እንደ ቆመ ነው።

ያን ፎቶግራፍ ካየሁ ወዲህ ዕቅዱን ያስተካከልሁት በዚያ ክፍል ዙሪያ ነው። እኔ በምገባበት ክፍል ተማሪ አንሶ አያውቅም፤ መቀመጫ እንጂ። በቀደም ጋሼ ደውሎ፣ «ታዲያ ኪዮቶን ሳናይ ልንመለስ ነው?» አለኝ። አዎን አልሁት። ዝም አለ፤ ቀጥሎም በቪዛው ወረቀት ላይ በአራተኛው ቀን መስመር ምን እንደ ጻፍሁ ጠየቀኝ። «ናጎሮ» ብዬ ነው የጻፍሁት፤ ሌላ ነገር የለበትም።

«እዚያ አካባቢ ነዳጅ ማደያ አለ?» አለኝ።

ከኮቺ ሳንወጣ እንሞላለን።