እናትን ወደ ቪየና በሐምሌ ሳይሆን በኅዳር

ኦስትሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እናቱን ለጉብኝት ሊጠራ ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ብርድ የለም፣ ፀሐይዋ ቶሎ አትጠልቅም፣ ልጆችም ትምህርት ቤት ተዘግቶላቸዋል። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ወላጅ፣ ይልቁንም ለጾመኛ ወላጅ፣ ከዓመቱ ሁሉ የሚስማማው ያ የሚሸሹት ቀዝቃዛ ወቅት አድቬንት ነው።

አድቬንት ከምዕራባውያን ልደት በፊት ያሉትን አራት እሑዶች ይይዛል። የመጀመሪያው እሑድ የሚውለው ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ጊዜ ነው። የእኛ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 24 መሆኑ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በጥቂት ቀናት ብቻ ነው። አድቬንት ራሱ በጥንት ዘመን ጾም ነበር፤ ኖቬምበር 11 ከሚከበረው የቅዱስ ማርቲን በዓል ማግስት ይያዝ ነበር። ዛሬ ጾሙ ቀርቶ ለቅበላ ይበላ የነበረው የዝይ ጥብስ ብቻ በኦስትሪያ ምግብ ቤቶች ቀጥሏል። ስለዚህ የምትጾም እናት እዚያ ስትደርስ አገሩ የረሳውን ሥርዓት ይዛ ነው የምትገባው እንጂ እንግዳ ነገር አላመጣችም።

በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከጥድ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ አክሊል ይቀመጣል፤ አራት ሻማ አለው። በየእሑዱ አንድ ሻማ እየተጨመረ ይበራል። ልማዱን በ1839 ሐምቡርግ ውስጥ የጀመረው ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን የተባለ የፕሮቴስታንት የነገረ መለኮት ምሁር ነው፤ ለድሃ ልጆች ባቋቋመው ማሳደጊያ ውስጥ ልጆቹ እስከ ልደት የቀረውን ቀን እንዲቆጥሩበት ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ካቶሊኳ ኦስትሪያም የራሷ አደረገችው። ኦስትሪያ ውስጥ በሕግ ሱቆች እሑድ ስለሚዘጉ አብዛኛው ሰው ቤቱ ይውላል። እናት ልጇን ቁጭ ብላ የምታጫውትበት ቀን ይህ ነው።

ለልጅ ልጆችም ወቅቱ ያመቻል። ዲሴምበር 5 ማታ ቀንዳሙ ክራምፑስ ሕፃናትን እያስፈራራ ይዞራል፤ በማግስቱ ቅዱስ ኒኮላስ ለውዝ፣ መንደሪንና ቸኮሌት ይዞ ይመጣል። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህ የኦስትሪያ ብቻ ይመስለዋል። ሴት አያቱ ግን ይኸው የሜራ ጳጳስ በስንክሳር ታኅሣሥ 10 እንደሚታሰብ ልትነግረው ትችላለች። የቪየናና የአገር ቤት ወግ አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኝበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በሐምሌ አይገኝም።

ገበያውስ? ቪየና ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያለውን የገና ገበያ ሳያዩ መመለስ አይቻልም፤ አንድ ምሽት ግን ይበቃል። ፎቶ ለመነሳት በየቀኑ መጋፋት የእናትን ጉልበት መጨረስ ነው። ለጾመኛ የሚሆን ምግብ ደግሞ አይጠፋም፦ በከሰል የተጠበሰ ቼስትነት የተባለ ፍሬና ድንች በየጥጉ ይሸጣል። ፑንሽ የተባለው ትኩስ መጠጥ አልኮል ስላለው ለልጆች የሚዘጋጀውን መጠየቅ ይሻላል። ለኩባያው የሚያዘው ገንዘብ ኩባያው ሲመለስ ይመለሳል።

ጊዜ የተረፈው ከሳልዝበርግ በአካባቢው ባቡር ወደ ኦበርንዶርፍ ይሂድ። «ስቲለ ናኽት» የተባለው፣ ዛሬ በመላው ዓለም የሚዘመረው መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዚህች ከተማ በ1818 በልደት ዋዜማ ነው። ግጥሙን ቄስ ዮሴፍ ሞር፣ ዜማውን መምህሩ ፍራንዝ ክሳቨር ግሩበር ደረሱት፤ ያጀቡትም በጊታር ነበር።

ተቃውሞ እንዳለ አይካድም። በዲሴምበር አጋማሽ ቪየና ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ ነው። ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ምግብ ቤት የሚሠራ ልጅ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት በዚህ ወር ነው፤ እናት በማታውቀው ቋንቋ መሐል ሙሉ ቀን ብቻዋን ልትውል ትችላለች። ይህ ከባድ ነው፤ መፍትሔ ግን አለው። የኦስትሪያ ሕግ ለሠራተኛ በዓመት 5 ሳምንት የዕረፍት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ ላይ ሁለቱን ሳምንት ለዚህ ጊዜ ማስቀረትና ከአሠሪ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው።

እስከ ጃንዋሪ 7 የቆየች እናት ደግሞ ሁለት ገና ታከብራለች። ኦስትሪያውያን ስጦታ የሚለዋወጡት ዲሴምበር 24 ማታ ነው። ጃንዋሪ 6 የሦስቱ ነገሥታት በዓል ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው፤ ያ ቀን ለእኛ የገና ዋዜማ ነው። ሌሊቱን ቅዳሴ ለሚያድር ሰው ከዚህ የተመቸ ቀን የለም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ለማግስቱ ብቻ ይሆናል።

ነገሩን የሚያጠብቀው ቪዛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት እንዲቆም፣ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜም ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል አድርጓል። ውሳኔው የልጆቻቸውን ናፍቆት ብቻ ይዘው በሚሄዱ እናቶች ላይ መውደቁ ፍትሐዊ አይደለም። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ በእጇ የያዘች እናት ግን ያን አንድ ጉዞ በሚገባ መምረጥ አለባት።

ሻንጣም ሲታሰር ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ወደ ኅብረቱ አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ለገና ዶሮ ወጥ የታሰበው ንጥር ቅቤ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

በቪየናም ሆነ በግራዝ ወይም በሊንዝ የምትኖሩ፣ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላልና ለኅዳር የታሰበው ጉዞ በሰኔ ይጀመር። የእንግዳዋን ወጪ እንደምትሸፍኑ በአካባቢያችሁ ፖሊስ ዘንድ ቀርባችሁ አረጋግጡ፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ግዙላት፤ የዓመት ፈቃዳችሁንም ሳይሻማባችሁ ዛሬውኑ አስመዝግቡ።