ዘፈኑ እስኪያልቅ ቅረጹ

“ድሮ ቀረ!” የሚለው ለቅሶ ይብቃን። ስልካችን ላይ የምንቀባበላቸው ጥቁርና ነጭ የጃዝ አጫጭር ፊልሞች የሚያምሩት ዘመኑ ደግ ስለነበር አይደለም። “ሳውንዲስ” የሚባሉትን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1947 አሜሪካ ውስጥ ተሠርተው፣ ቡና ቤትና መጠጥ ቤት በሳንቲም በሚሠራ ማሽን ይታዩ ነበር። ድምፁ ቀድሞ ይቀዳል፣ ሙዚቀኞቹ ካሜራ ፊት የሚጫወቱ ይመስላሉ። ከነሱ ውስጥ ጥቁሮቹ ደግሞ ከነጭ እኩል ገብተው የማይቀመጡበት ቤት ብዙ ነበር። ታዲያ ደግነቱ የታል?

የሚስበን ሌላ ነው፦ አንድ ዘፈን፣ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ከነመጨረሻው። ጣቱ ይታያል፣ እግሩ ይታያል፣ መሐል ገብቶ የሚያወራ የለም።

ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው ጎረቤታችን ጅማ ነው። የድሮ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ በ“ኢትዮፒክስ” እንደገና ታተሙ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ ፊልሙ ውስጥ አስገባቸው፤ ዓለም ጉድ አለ። ሸክላው ባይኖር ምኑ ይታተም ነበር?

ቦንጋ ለቡና ሙዚየም አላት። በካፍኛ የሚያዜሙትን አባቶችና እናቶች ግን ሠርግ ላይ 15 ሰከንድ ቀርጸን፣ የራሳችንን ፊት ደንቅረን፣ የሌላ ሰው ዘፈን እንለጥፍበታለን። ነውር ነው!

ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ስልኩን አግድም ያዙ፣ ዝም በሉ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አታጥፉ። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ ቀኑን ጻፉበት። ናፍቆት ማንንም አይቀርጽም።