«መድኃኒቱ ዘር ያበላሻል» ለሚሉም፣ «ዝም ብለሽ ዋጪ» ለሚሉም

ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎ፣ ከሞያሌ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ጂን ያበላሻል ይባላል። ለምወልደውስ ልጅ ይተርፋል ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያናድደኝ መልሱ ነው። ወሬውን የሚነዙት ብዙ ጊዜ ከወሬው ቀጥለው የራሳቸውን ቅጠል ይሸጣሉ። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ «ምንም የለውም፣ ዝም ብለሽ ዋጪ» ብለው ይሸኛሉ። እናትየው የተደበቀ ነገር እንዳለ ታስባለች፤ ወደ ቅጠል ሻጩ ትሄዳለች።

«ምንም የለውም» እውነት አይደለም። ዚዶቩዲን የሚባለው የቆየ መድኃኒት ቫይረሱን የሚያታልለው የዲኤንኤን መሥሪያ መስሎ በመግባት ነው፤ አልፎ አልፎ የራሳችንንም ሴል ያታልላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ስታቩዲን የሴላችንን ኃይል ማመንጫ እየጎዳ ፊት ያከሳ፣ እግር ያቃጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ።

ግን ሚዛኑን እዩት። ይኸው ዚዶቩዲን እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነ ጥናት ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን ከ100 ሕፃናት ከ25 ወደ 8 አውርዷል። ዛሬ እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ስትወስድ ከዚያም በጣም ያንሳል።

ስለ ጂን ካወራን የኛው አገር ጉዳይ ኤፋቪሬንዝ ነው። አንዳንዶቻችን በዘር የወረስነው ጂን ይህን መድኃኒት ቶሎ ከሰውነት አያስወግድም። በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህ ጂን ያላቸው ሰዎች በደማቸው ውስጥ መድኃኒቱ እንደሚከማችና ጉበታቸው ለጉዳት እንደሚጋለጥ አሳይቷል። ቅዠትና ማዞር ያማረሩ ሰዎች «ትለምዱታላችሁ» ይባሉ ነበር። መድኃኒቱ ጂናቸውን አልነካም፤ ጂናቸው ነው መድኃኒቱን ያከበደባቸው።

አሁን አብዛኞቻችሁ የምትወስዱት ዶሉቴግራቪር ያለበትን ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ከቦትስዋና አስደንጋጭ ዜና መጣ፦ መድኃኒቱን እየወሰዱ ካረገዙ 426 ሴቶች 4ቱ የአከርካሪ ወይም የአንጎል አፈጣጠር ችግር ያለበት ልጅ ወለዱ። ወሬኛው እዚህ ላይ ያቆማል። ቆጠራው ግን ቀጠለ። በማግስቱ ዓመት ከ1,683 ሴቶች 5 ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለሴቶች ጭምር ተመራጭ መድኃኒት አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር ልዩነት እንደሌለው ታየ።

ይህ ችግር በአገራችን መድኃኒት የማይወስዱ እናቶች ልጆች ላይም ብዙ ነው፤ አንዱ ምክንያት የፎሊክ አሲድ እጥረት ነው። የጽንሱ አከርካሪ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፣ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው። «አረገዝኩ ብዬ መድኃኒቱን አቋረጥኩ» የምትይ እህቴ፣ ከፈራሽው ነገር ልጅሽን አላዳንሽውም፤ ለቫይረሱ ግን በር ከፈትሽለት።

ደግሞ ጂናችሁ ውስጥ የሚገባው ማን ሆነና? ቫይረሱ ነው! ኤችአይቪ የራሱን ዘር በሴላችሁ ዲኤንኤ ውስጥ ሰክቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ዶሉቴግራቪር ይህንኑ መሰካት የሚያግድ መድኃኒት ነው። ቀድሞ የተሰካውን አይነቅልም፤ ስታቋርጡ በሳምንታት ውስጥ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በከብት ሽያጭ ገንዘብ ቅጠል አትግዙ። ልጅ የምትፈልጉ ከማርገዛችሁ በፊት ፎሊክ አሲድ ጀምሩ። የቫይረስ መጠን፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራ ጠይቁ፤ የመድኃኒቱ እውነተኛ ጉዳት ቢኖር በብዛት የሚታየው እዚያ ነው። ከብት ተከትላችሁ የምትርቁ፣ ሁኔታችሁ ከተረጋጋ የ6 ወር ቀጠሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። እርጉዞች፣ የደም ማነስ አይረኑን ከዶሉቴግራቪር ጋር በባዶ ሆድ አትውሰዱ፤ ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር፣ ወይ ዶሉቴግራቪሩን ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ዋጡ።