መጀመሪያ የተበደለው ይታሰብ

«ሰውየውን ተወውና ሥራውን እይ» የሚል ምክር አለ። ሚዛን ከተማ ቡና ይዘው ስለ ፊልም የሚከራከሩ ወጣቶችም፣ አዲስ አበባ ያሉ የፊልም አዋቂዎችም ይደግሙታል። ምክሩ ግን የተበደለውን ሰው ከነጭራሹ የሚያስረሳ ነው።

«ቢትልጁስ»ን እንውሰድ። ቲም በርተን እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራው ይህ ፊልም እያስፈራ የሚያስቅ ነው። የእራት እንግዶቹ መንፈስ ሰፍሮባቸው ሳይወዱ በግድ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፤ በመጨረሻም ሳህኑ ላይ ያለው ሽሪምፕ እጅ ሆኖ ፊታቸውን ይጨመድዳል። እንግሊዝኛ የማያውቅ የቴፒ ልጅ እንኳ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የቤቱን አባወራ ሆኖ እዚያ ገበታ ላይ የተቀመጠው ተዋናይ ጄፍሪ ጆንስ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ለወሲባዊ ፎቶ አቁመሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ክሱን አልከራከርም አለ፤ የ5 ዓመት ገደብ ተፈርዶበት በወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ ገባ።

ይህን የሰማ ሰው ያንን እራት እንደ ድሮው ማየት ቢያቅተው አይፈረድበትም። «አታካብድ፣ ቀልድ እኮ ነው» የሚለው ሰው ለተመልካቹ ደስታ ሲጨነቅ ልጁን ረስቶታል።

«ያለ እሱ ሥራው ይሞታል» የሚለውም ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ተከታዩ ፊልም ሲወጣ ጆንስ አልነበረበትም። የአባወራው አውሮፕላን በአሻንጉሊት አኒሜሽን ተከሰከሰ፤ ሻርክ የላይኛውን አካሉን ቆርጥሞ በላው፤ በሙታን ዓለም ጭንቅላት የሌለው ገላ ሆኖ ይዞራል። ቀልዱ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ተዋናዩ ግን አልተመለሰም።

እኛም ዘንድ ተበዳይ ይረሳል። በ2001 ዓ.ም. ድምፃዊው ቴዲ አፍሮ ሰው ገጭቶ አምልጧል ተብሎ ሲፈረድበት፣ እሱ ድርጊቱን ክዷል፤ ብዙዎችም ፍርዱን ፖለቲካ ነው ብለውታል። ጉዳዩ ከጆንስ ጋር አይመሳሰልም፤ እውነቱን እዚህ ልበይን አልልም። ነገር ግን ደጋፊና ነቃፊ ሲሟገት ስለ ሟቹ ጎዳና አዳሪ ወጣት የተነሣው ጥቂት ነበር።

የድሮው ፊልም ይቃጠል አልልም፤ የብዙ ንጹሐን ሰዎች ላብ አለበት። ማየት የሚፈልግ ይየው፣ ይሳቅበትም። መድረክ፣ ሽልማትና ጭብጨባ ግን ሌላ ነገር ነው። ክብር ነውና ሰጪው ይጠየቅበታል። በወሬና በአሉባልታ በማንም ላይ አንፍረድ፤ ፍርድ ቤት ያረጋገጠውን ግን ዝና አይሽረው።

ስለዚህ ቡና ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ለሚዛን፣ ለቴፒ ወይም ለማጂ ሕዝብ አዝናኝ የምታስመጡ አዘጋጆች ሆይ፣ ስንት ሰው ይሰበስባል ከማለታችሁ በፊት ማንን በድሏል ብላችሁ ጠይቁ። ሕፃን መበደሉ በፍርድ የተረጋገጠበትን ሰው በልጆቻችን ፊት አታቁሙት።