መስተዋቱ በእጃችን ነው፤ ሙያውስ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበያዎች በጣት የሚነካ የእጅ ስልክ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ጣታችን የሚያርፍበት መስተዋት ግን ተራ መስተዋት አለመሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? መስተዋት በተፈጥሮው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በስልኩ ገጽ ሥር ግን ብርሃን ሳይከለክል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ለዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን አለ። ጣታችን የት እንዳረፈ የሚታወቀው በዚሁ ሽፋን አማካይነት ነው።

አሠራሩ ተአምር አይደለም። የሲሊካ አሸዋ፣ ሶዳና የኖራ ድንጋይ በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀልጠው ዝርግ መስተዋት ይሆናሉ። መስተዋቱ 600 ዲግሪ ገደማ እንደጋለ የቲን ውሁድ በተን መልክ ሲነፋበት ሽፋኑ ይጣበቃል። ለስልክ የሚሆነው ደግሞ ከኢንዲየምና ከቲን ውሁድ አየር በተመጠጠበት ክፍል ይለበጣል። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ ያነሰ ነው። የመስተዋቱን ዋጋ የሚያንረው አሸዋው ሳይሆን ይህ ስስ ሽፋን፣ ማለትም በውስጡ ያለው እውቀት መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

አሸዋውማ በአባይና በሙገር ሸለቆዎች አለን። የእጅ ስልክም በአገራችን ተገጣጥሟል። በ2017 ዓ.ም. ቶዮ የተባለው ኩባንያ በሐዋሳ የፀሐይ ኃይል ሴሎች ማምረት ጀምሯል። እነዚህ የሚያበረታቱ እርምጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የፋብሪካ መተከል ብቻውን የሙያ ባለቤት አያደርግም።

ይህን የጋይንት ምድር በዓይኑ አይቷል። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ ጋይንትንና ጨጨሆን አቋርጦ መቅደላ ወጣ። መድፉ ዛሬም በዚያው አለ። ጋፋት ግን ሁለተኛ ሴባስቶፖል አልወለደም። ዐፄ ቴዎድሮስ ወጣቶች ከውጭ አገር ባለሙያዎች ሙያ እንዲቀስሙ ቢጥሩም፣ ከሞታቸው በኋላ ሥራውን የሚያስቀጥል ተቋም አልነበረም። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ያገለለ ኅብረተሰብስ ሙያን እንዴት ለልጁ ሊያወርስ ይችላል?

ስለሆነም የመስተዋት ፋብሪካ ነገ በጉና ተራራ ግርጌ ይተከል አንልም፤ እቶኑ ሌት ተቀን የማይቋረጥ ኃይልና ሰፊ ገበያ ይፈልጋልና። የምንለው ሌላ ነው። ለፋብሪካ ፈቃድ ሲሰጥ የኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ሥልጠና በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ሠራተኛውም ማሽኑን ማብራትና ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ምሥጢሩንም ይጠይቅ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የሙያ ትምህርት ቤቶች የሽፋን ሥራን በቤተ ሙከራ ያስተምሩ። የሰፈር ማኅበራትም ባለእጁን ያክብሩ፤ ሴት ወንድ ሳይሉ ወጣቶችን ወደ ሙያ ትምህርት ይላኩ።

አያቶቻችን መድፉን በትከሻቸው ገደል አሻግረዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ሙያውን ወደ ልጆቻችን እጅ ማሻገር ነው።