የአራስ ቤት ደጅ ለሐኪም አይዘጋ

አንዲት እናት በሰላም በተገላገለች ጊዜ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፤ አራሷም ከሥራ ተለይታ፣ ከብርድና ከፀሐይ ተጠብቃ ትታረሳለች። ይህ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። በምጥ የደከመ ሰውነት ዕረፍትና ምግብ የሚያሻው መሆኑን የዛሬ ሐኪሞችም ያረጋግጡታልና፣ ልማዱ ይቅር የሚል ሰው ቢነሣ እኛ ከእርሱ ጋር አንተባበርም።

ነገር ግን ከዚሁ ልማድ ጋር ተያይዞ የሚኖር አንድ አሳብ አለ። ይኸውም ምጡ ካለፈ አደጋውም አብሮ አልፏል፤ ስለዚህ አራሷ ወንድ የወለደች እንደ ሆነ እስከ 40፣ ሴት የወለደች እንደ ሆነ እስከ 80 ቀን ከደጅ ሳትወጣ፣ ሐኪምም ሳያያት ብትቆይ ምንም አይደለም የሚለው ነው። ይህ አሳብ ብዙ እናቶችን የሚጎዳ ስሕተት ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባንም።

ከወሊድ በኋላ ሞት የሚያደፍጠው በአርባኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀንና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ማሕፀን ሳይኰማተር ለስላሳ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ ደም እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ውስጥ ነው። በማሕፀን ውስጥ የሚገባው ቁስለትና ትኩሳት ደግሞ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይገለጣል። የደም ግፊትም በእርግዝና ጊዜ ያልነበረባትን ሴት እንኳ ከወለደች በኋላ ሊይዛትና እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሳት ይችላል። እነዚህ ሁሉ ቀድመው ከታወቁ መድኃኒት አላቸው፤ ዘግይተው ከታወቁ ግን ብዙ ጊዜ ለለቅሶ ይዳርጋሉ።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት እናቶች ከ100 17 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 34 ከፍ ብሎ ተገኝቷል። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም በዚያ ጊዜም ቢሆን ከ3 እናቶች 2ቱ እጅግ አስጊ የሆኑትን ቀናት ያለ ምርመራ አሳልፈዋል ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች የ40ውና የ80ው ቀን ሥርዐት ይከለክላል ይሉ ይሆናል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተጻፈውን የተመለከተ ሰው ግን ነገሩ ወደ መቅደስ መግባትን የሚመለከት መሆኑን ይረዳል፤ ወደ ጤና ጣቢያ አትሂድ የሚል ቃል በዚያ የለም። በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ የአራስነት ወሰን የሶላትና የጾም ጉዳይ ነው እንጂ ሕክምናን አያግድም። ደግሞስ፣ ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰውነቷ ወንድ ከወለደችው በምን ይለያል? የመጨረሻው ምርመራ የሚደረገው በ6ኛው ሳምንት፣ ማለት በ42 ቀን ገደማ ነው። 80 ቀን እስኪሞላ የምትጠብቅ እናት ይህን ቀጠሮ ከ5 ሳምንት በላይ አሳለፈችው ማለት ነው፤ የልጂቱም ክትባት በዚያው ልክ ይዘገያል።

አሁን እናቲቱ በምርመራው ጊዜ ምን እንደሚጠብቃት እንግለጽ፤ ብዙዎች የሚሸሹት ባለማወቅ ከሚመጣ ፍርሃት የተነሣ ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው 4 ጊዜ እንድትታይ ነው።

የመጀመሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። በጤና ጣቢያ ወይም በሐኪም ቤት የወለደች እናት ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ እዚያው ትቆይ፤ ለመሄድ አትቸኩል። በቤቷ የወለደች እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ትታይ። አዋላጇ የደም ግፊቷን፣ የልብ ትርታዋንና ሙቀቷን ትለካለች፤ ሆዷን ከእምብርት በታች ዳሥሣ ማሕፀኗ መጠንከሩን ታረጋግጣለች፤ የሚወርደውን ደም መጠን ትመለከታለች፤ ሽንት መሽናቷንም ትጠይቃለች። ሕፃኑ ይመዘናል፤ አተነፋፈሱ፣ ሙቀቱና አጠባቡ ይታያል፤ የሳንባ ነቀርሳና የልጅነት ልምሻ መከላከያም ይሰጠዋል። እንገሩ ሳይደፋ ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ ቅቤ ማዋጡ ግን ይቅር።

ሁለተኛው በ3ኛው ቀን፣ ሦስተኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ጊዜያት ትኩሳት መኖሩ፣ የሚወርደው ደም መሽተቱ፣ ስፌት ካለ መዳኑ፣ ጡቷ መቁሰሉ ወይም ማበጡ፣ እግሯን ማመሙ ይመረመራል። የሕፃኑ እትብት ንጹሕና ደረቅ መሆኑ፣ ሰውነቱም ብጫ አለመሆኑ ይታያል። ሐኪሙ ስለ እንቅልፏና ስለ መንፈሷም ቢጠይቃት አትደነቅ። ከወሊድ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሆድ መባባት የተለመደ ነው፤ ኀዘኑ ከ2 ሳምንት ካለፈ ግን ሕክምና ያለው ሕመም ነውና አትደብቀው፤ ቤተ ሰብም እንደ ነውር አይቍጠረው።

አራተኛው በ6ኛው ሳምንት ነው። ማሕፀኗ ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለሱ፣ ደም ማነሷና አለማነሷ፣ የደም ግፊቷም ይታያል። ልጆቿን አራርቃ ለመውለድ ብትፈልግ ምክር ይሰጣታል፤ የሕፃኑም ክትባት ይቀጥላል።

ምርመራው አብዛኛው ሕመም የሌለው ነው። የምታፍር እናት እናቷን ወይም እኅቷን አስከትላ ትግባ። በመንግሥት ጤና ጣቢያም ይህ አገልግሎት ከክፍያ ነፃ ስለ ሆነ ድህነት ምክንያት ሊሆን አይገባውም። መውጣት ያልቻለች እንደ ሆነ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይነገር።

ብዙ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዐይን መጋረድ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መንቀጥቀጥ፣ ወይም የሕፃኑ ጡት አልጠባም ማለት በታየ ጊዜ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ይኬዳል። እንዲህ ያለውን «ምች ነው» ብሎ ማሳደር ሕይወትን በከንቱ ማጣት ነው።

መምህራን ሆይ! ከተማሪዎቻችሁ መካከል በቤቱ አራስ ያለችበት ልጅ አይጠፋም። 4ቱን ቀኖች አስልታችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። ማንበብ የምትችሉ የከተማ ነዋሪዎችም ይህን ጽሑፍ ለማያነቡ ጎረቤቶቻችሁ፣ ከሁሉ ይልቅ ለባሎችና ለአማቶች አንብቡላቸው፤ አራሷ ትውጣ ወይም ትቅር የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚቈርጡት እነርሱ ናቸውና። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ገንፎውም ይገንፋ፣ ዕረፍቱም ይቀጥል፤ የአራስ ቤት ደጅ ግን ለሐኪም አይዘጋ።